ከመንዝ ወደ ጨርጨር የመጣ የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ታሪክ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



የበዓሉ አዘጋጆች «ስለ ቀደሙት አባቶቻችን ጥቂት ቃል ተናገር» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ፣ የታሪክ ሊቅ እንዳልሆንሁ ነግሬአቸው ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ስደምርና ስቀንስ የኖርሁ የሒሳብ ጸሐፊ ነኝ። እነርሱ ግን አልተዉኝም። ስለዚህ የማላውቀውን የሌላ ሰው ታሪክ ከምናገር፣ የማውቀውን የቤቴን ታሪክ ብናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ። ነገሩም የእርሻና የመሬት ነገር ነው። በዛሬው ቀን ስለ መሬት መናገር ከበዓሉ የራቀ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ኦሪት ዘሌዋውያንን በ25ኛው ምዕራፍ ይመልከት። ኢዮቤልዩ በመጀመሪያ የታዘዘው ለጌጥና ለድግስ አልነበረም፤ በ50ኛው ዓመት የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነበር። መለከቱም የሚነፋው ስለዚሁ ነው።

ከተማችን ድሬዳዋ የእንግዳ ከተማ መሆንዋን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር 310 ኪሎ ሜትር ያህል በረሓ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ሐረር ለመውጣት ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስለ ከበደ ሐዲዱ ከተራራው እግር ሥር ቀረ፤ ከተማውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይህ ስም አልጸናም፤ የአገሬው ስም አሸነፈው። ኦሮሞውና ሶማሌው ቀድሞም በዚሁ አገር ነበረ፤ ከባቡሩ ጋር ደግሞ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም፣ ዐረቡም መጣ። ከሸዋና ከሌላውም አገር ሥራ ፈላጊው ሁሉ ጎረፈ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ቅድመ አያቱ በዚህች ከተማ የተቀበረ ሰው እጁን ያንሣ ብል፣ የሚነሣው እጅ ጥቂት ይመስለኛል። እኛም በቤታችን ወደ ከተማው የገባነው ዘግይተን ነው፤ ከዚያ በፊት በጨርጨር ደጋ ገበሬዎች ነበርን።

አሁን ይህን ነገር እንድመረምር ያደረገችኝን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። የእኅቴ የልጅ ልጅ ናት፤ በአውስትራልያ አገር በመልቦርን ከተማ ተወልዳ በዚያው ትማራለች፤ ዕድሜዋም 12 ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት ከክረምት በፊት በስልክ ጠርታኝ፣ «አያቴ፣ መምህራችን ከዘመዶቻችን መካከል ገበሬ የነበረ ካለ፣ ወደሚያርሰው መሬት እንዴት እንደ ደረሰ ጽፋችሁ አምጡ ብላናለች» አለችኝ። የክፍል ጓደኞችዋ ስለ ኢጣልያ፣ ስለ ግሪክና ስለ ጀርመን ቅድመ አያቶቻቸው ይጽፉ ነበርና እርስዋም የምትጽፈው እንዲኖራት ፈለገች። እኔም ደስ ብሎኝ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ ጻፍሁላት። የጻፍሁትም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁትን ነው፤ ይኸውም አባቶቻችን ከመንዝ ተነሥተው ጨርጨር ገቡ፤ አገሩ ዱር ነበረ፤ ዱሩን መንጥረው፣ አውሬውን አባረው አቀኑት የሚል ነበር።

ልጅቱም ካነበበች በኋላ መልሳ ጠራችኝ። አመሰገነችኝና፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት በዚያ መሬት ማን ነበረ?» አለችኝ።

እኔም «ማንም አልነበረም» ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። «ጥቂት ቀን ስጪኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት አመጣች ብዬ ተገርሜ ነበርና፣ ስለዚያ አገር ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ አነበብሁ። በአውስትራልያ ገጠር የሚኖሩት የገበሬ ቤተ ሰቦች እንደኛው ሁሉ የመምጣት ታሪክ አላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838፣ የፕሩስያ ንጉሥ ሦስተኛው ፍሪድሪሕ ቪልሄልም ባዘዘው የአብያተ ክርስቲያናት ውሕደት ያልተስማሙ የሉተር ተከታዮች፣ እንደ ቀድሞው ለመጸለይ ብለው አገራቸውን ትተው በመርከብ ወደ ደቡብ አውስትራልያ ሄዱ። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ወገን በሚቀጥለው ዓመት አንድ መንደር መሥርቶ፣ ላመጣው የመርከብ አዛዥ ለካፒቴን ሃን መታሰቢያ «ሃንዶርፍ» ብሎ ሰየመው። በ1891 ደግሞ 300 ያህል የኢጣልያ ሰዎች የሸንኮራ አገዳ ሊቈርጡ ወደ ኵዊንስላንድ ወረዱ፤ ውለው አድረውም ከእነርሱ ብዙዎቹ የአገዳ እርሻ ባለቤት ሆኑ። እነዚህ ሁሉ ድኾችና ደክመው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸውም «አያቶቻችን ዱር መንጥረው አቀኑ» ይላሉ።

ነገር ግን ሃንዶርፍ የሚባለው ቦታ አስቀድሞ ስም ነበረው። ፔራማንክ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች «ቡካርቲላ» ይሉት ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የደቡብ አውስትራልያ መንግሥት የጀርመን ስም ያላቸውን ብዙ ቦታዎች ሲለውጥ «ሃንዶርፍ» ራሱ ተፍቆ «አምብልሳይድ» ተባለ፤ እስከ 1935ም አልተመለሰም። የሌላውን ስም በራሱ ስም የተካ ሕዝብ የራሱ ስም ሲፋቅበት ምን እንደ ተሰማው መገመት አያቅትም።

የአውስትራልያም ሕግ ከ200 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ያን አገር እንግሊዞች ሲደርሱበት የማንም ርስት እንዳልነበረ አድርጎ ሲቈጥረው ኖረ። ይህን የለወጠው ኤዲ ማቦ የሚባል የሜር ደሴት ተወላጅ ከባልንጀሮቹ ጋር ያነሣው ክርክር ነው። በዚያች ደሴት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ድንበሩ የታወቀ የአትክልት ቦታ እንዳለው፣ ቦታውም ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ለዳኞች አስረዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሰኔ 3 ቀን 1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረደላቸው፤ ማቦ ግን ፍርዱን ሳይሰማ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውስትራልያ ትምህርት ቤቶች ስለ ቀደሙት ባለቤቶች መናገር ልማድ ሆነ። የልጅቱ መምህርም በጉባኤ ፊት ስትናገር መልቦርን የቆመችበት ምድር የዉሩንጄሪ ሕዝብ መሆኑን አስቀድማ ታነሣለች። እንግዲህ ልጅቱ ከዚያ የለመደችውን ጥያቄ ነው ወደኔ ያመጣችው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

ቅድመ አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን ዘመን የበሬ ጥንድ የነበራቸው ሰው ያለ በሬ ቀሩ። የዚያ ዘመን የከብት በሽታ ከመቶ ከብት ዘጠናውን ፈጀ ይባላል፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ቅድመ አያቴ ሁለት ወንድሞቻቸውን ቀብረው፣ የአንድ ወታደር ስንቅ ተሸክመው ወደ ምሥራቅ ወረዱ። የሐረርጌ አገር በዚያ ጊዜ በዐፄ ምኒልክ እጅ ገብቶ ነበር፤ የጨለንቆ ጦርነት በ1879 ዓ.ም. በልደት ሰሞን ሆኖ፣ አሚር አብዱላሂ ተሸንፈው፣ ራስ መኰንን ተሹመው ነበር። ከዚያም ቅድመ አያቴ በራስ መኰንን ጦር ውስጥ ገብተው ዐድዋ ዘመቱ፤ ሲመለሱም ስለ አገልግሎታቸው በጨርጨር ገባር ተተከለላቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም፤ ወጣቶቹ «ገባር» የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ብቻ ታውቁታላችሁና። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ በማዕርጉ ልክ ይህን ያህል የገበሬ ቤት ይሰጠው ነበር። ቅድመ አያቴ ትንሽ ሰው ስለ ነበሩ የደረሳቸው አራት ቤት ብቻ ነው። አራቱም የኢቱ ኦሮሞ ቤተ ሰቦች ነበሩ። እነርሱም ለጌታቸው እህል ያገባሉ፣ ማር ያመጣሉ፣ ዕንጨት ይሸከማሉ፣ አጥር ያጥራሉ፤ ሴቶቹም ዱቄት ይፈጫሉ። በኋላም መሬቱ በቀላድ ሲለካ የቅድመ አያቴ ስም በመዝገብ ገባ፤ የአራቱ ቤት ስም ግን አልገባም። ትላንት ባለ መሬት የነበረው በራሱ ማሳ ላይ ጭሰኛ ተባለ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ይህን በሒሳብ ቋንቋ ብናገር፣ ገቢው በእኛ ስም ሲጻፍ ወጪው በማን ስም እንደ ተጻፈ ማንም አልጠየቀም።

«አገሩ ዱር ነበረ» የሚለው የቤታችን ተረት ሐሰት መሆኑን ለማወቅ እኮ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ልጅ ሳለሁ ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ «ቡርቃ» ይባል ነበር፤ ከማሳው በላይ ያለው ድንጋያማ ቦታ «ደካ»፣ ተራራውም «ጋራ»። በኦሮምኛ ቡርቃ ምንጭ ነው፣ ደካ ድንጋይ ነው። ምንጩን ማንም ሳይጠጣው ማን ስም አወጣለት? ይህን ስም በየቀኑ እየጠራሁ አድጌ፣ ሰባ ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ አለማሰቤ ያሳፍረኛል።

ቅድመ አያቴ በመጀመሪያው ዓመት እንደ መንዝ ልማድ ገብስ ዘሩ። ዝናቡ በሌላ ጊዜ ስለሚመጣ ገብሱ በቡቃያው ቀረ። ከአራቱ ቤት የአንዱ ባለቤት፣ ስማቸውን ቤተ ሰባቸው ስላልፈቀደልኝ የማልጠራቸው ሴት፣ የማሽላ ዘር በእንቅብ ይዘው መጥተው ለቅድመ አያቴ ሚስት ሰጡ። መቼ እንደሚዘራ፣ ወፍ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አገዳውም ለከብት እንዴት እንደሚከመር አሳዩዋቸው። እህሉንም በጎተራ ሳይሆን በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ከተው አፉን በጭቃ እንዲመርጉት አስተማሩዋቸው፤ እንዲህ የታተመ ማሽላ ነቀዝ ሳይነካው ዓመት ያልፋል። ጫቱን በማሳው ዳር፣ ቡናውን በጥላ ሥር መትከልንም፣ በተዳፋቱ ላይ የድንጋይ እርከን መካብንም ከእነርሱ ተማርን። አያቴም አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የተማሩት ከቄስ ዘንድ ፊደል ሲቈጥሩ ነው ይባላል። እንግዲህ እኛ አገር አቀናን ስንል፣ ያቀኑን እነርሱ ነበሩ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የቡና ዋጋ ከፍ አለ። ከጨርጨር ቡና በአህያና በበቅሎ፣ በቆላውም በግመል እየተጫነ ወደ ጣቢያው ይወርድ ነበር። ቤታችን ሣር ክዳኑን ወደ ቆርቆሮ የለወጠው በዚያ ዘመን ነው። በ1910ዎቹም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን እየገዙ በአሰበ ተፈሪ ከተማ አዲስ አስተዳደር ሲያቆሙ፣ አያቴ አይተዋቸው እንደ ነበር ይነግሩን ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በሩስያ የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቫም ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። ከጠላት ወረራ በኋላ ወደ ማዳጋስካር ተሰደው ብዙ ዘመን በባዕድ ምድር ኖሩ፤ ከተመለሱም በኋላ በ1969 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በዚሁ በጨርጨር በሒርና ተቀመጡ። በሰው አገር እንግዳ መሆንን በሁለቱም ወገን ያዩ ሰው ነበሩ፤ በዚህ ነገር ላይ ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

አሁን ቤታችን በበዓል ቀን ወደሚያወራው ታሪክ እደርሳለሁ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሐረርንና ድሬዳዋን ያዘ። አያቴ በኦጋዴን ግንባር ዘምተው የደረሱበት አልታወቀም ነበር። በዚያ ሰሞን ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተበተነው ወታደር ይዘርፋል፣ በጌቶቹ የተበደለውም ቂሙን ሊወጣ ይነሣል። የነፍጠኛ ቤት ሌሊት ሌሊት ይቃጠል ነበር። ቤታችንም ተቃጠለ። ሴት አያቴ የ6 ዓመቱን አባቴን ይዘው ሲወጡ፣ ዘር በእንቅብ ያመጡት የእነዚያ ሴት ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ወስዶም ባዶ በነበረው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ሸሸጋቸው። ዘጠኝ ቀን በዚያ ሰነበቱ፤ ሌሊት ሌሊት አፉን ከፍቶ ወተትና ቂጣ ያቀብላቸው ነበር። የገዛ ወገኖቹ መጥተው «ወዴት አሉ?» ሲሉት፣ በአላህ ስም ምሎ «አልፈዋል» አላቸው። በዐሥረኛው ቀን በአህያ አሳፍሮ፣ እንደ ቤተ ሰቡ አልብሶ አሻገራቸው። አባቴ ይህን ሲናገሩ ዕንባቸው ይመጣ ነበር። «ገባሮቻችን እንዲህ ይወዱን ነበር» ብለውም ይጨርሱ ነበር። እኛም ልጆቹ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንጠይቅም።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ አያቴም በሕይወት ተመልሰው ቤታቸውን ሠሩ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው ዐዋጅ ሲወጣ፣ ጭሰኝነት ቀረ፤ አያቴም በዚያ ጊዜ ሞተው ነበር። አባቴ ሁለት በቅሎ ጭነው ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ማንም እጁን አላነሣብንም። ልሰናበትም ብሎ የመጣ አልነበረም፤ አባቴም በዚህ እስከ ሞታቸው ድረስ ያዝኑ ነበር። «ያ ሁሉ ፍቅር ወዴት ሄደ?» ይሉ ነበር።

ልጅቱ ጥያቄዋን በጠየቀችኝ በሳምንቱ፣ የዚያ ጉድጓድ ባለቤት ልጅ በከተማችን ጫት ተራ አንዳንድ ቀን እንደሚመጡ ሰምቼ ፈልጌ አገኘኋቸው። ዛሬ 80 ዓመት አልፎአቸዋል። ማን መሆኔን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝና «መልክህ የአያትህ ነው» አሉኝ፤ ሻይም አዘዙልኝ። እኔም የልጅቱን ጥያቄ ነገርኋቸው፤ ስለ ጉድጓዱም አንሥቼ፣ ቤታችን ይህን ውለታ እንዳልረሳ ነገርኋቸው።

«እውነት ነው፤ ጉድጓዱን ታስታውሳላችሁ» አሉኝ። «ወረቀቱንስ?»

«የምን ወረቀት?» አልኋቸው።

«አያትህ ከጦርነት ሲመለሱ፣ አባቴ ከቤቱ በር ላይ ወጥቶ አቅፎ ተቀበላቸው። በሦስተኛው ቀን አባቴን አስጠርተው የአምስት ዓመት ሲሶ ጠየቁት። ‹ጣልያን በነበረ ጊዜ መሬቴን አርሰህ በልተሃል› አሉት። አባቴም ‹ልጅዎና ሚስትዎ ከዚያ መሬት ነው የበሉት› አላቸው። ‹እርሱ ሌላ፣ ይህ ሌላ› ብለው ጻፉት። አባቴ ሁለቱን በሬዎቹን ሸጠ፤ የዚያንም ዓመት ቡና ሁሉ አገባ። እኔ በዚያ ዓመት የተወለድሁ ነኝ፤ እናቴ ወተት እንዳልነበራት ይነግሩኝ ነበር።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሻያቸውንም ጨረሱ። እኔ ግን የኔን አልጨረስሁም።

ከዚያም ወደ ቤቴ ሄጄ የአያቴን ሣጥን ከፈትሁ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው በወሰደ ጊዜ ሣጥኑም በጎርፍ ርሶ ነበርና፣ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር። በእንፋሎት እያላቀቅሁ ሁለት ሌሊት ፈለግሁ። አገኘሁትም። የአያቴ ጽሕፈት ነው፤ የቄስ ትምህርት ያለው ሰው ያማረ ጽሕፈት። ከላይ የአብ የወልድ ይላል። ከዚያም የአምስቱ ዓመት ማሽላ በቁና፣ ቡናው በፈረሱላ ተዘርዝሮ፣ ድምሩ ከታች ተቀምጧል። ሒሳቡን መረመርሁት፤ አንድ ስንኳ ስሕተት የለበትም። በመጨረሻውም መስመር «ተከፍሏል» የሚል ቃል አለ።

ያን ጊዜ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሴት አያቴ ቡና አይጠጡም ነበር። በቡና አገር ቡና የማይጠጣ ሰው ብርቅ ነውና፣ ጎረቤት ሁሉ ስለት ነው ይል ነበር፤ ለቍልቢ ገብርኤል የተሳሉት ነው ይባል ነበር። ቡናውን ራሳቸው ይቈላሉ፣ ራሳቸው ያፈላሉ፣ ለሁሉ ይቀዳሉ፤ ከአፋቸው ግን አያደርሱም። የታላቅ አክስቴ ዛሬም በሕይወት ስላሉ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ከነጻነት በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ነው የተዉት፤ የዚያን ሰው ቡና በጆንያ ወደ ቤት ሲገባ ያዩ ቀን» አሉኝ። ለባላቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በዚያ ዘመን ሴት በመሬት ነገር አትናገርም ነበርና። ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ኖሩ፤ ሳይጠጡ ሞቱ። አያቴም የሚስታቸውን ነገር ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም፤ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ሲኒ ሲያቀርቡላቸው ያዩ ነበርና።

አባቶቼ፣ አያቴን ልክስስ አልመጣሁም። ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ዐሥራት ያወጡ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰው ነበሩ። የጻፉትም በጊዜው ሕግ የተፈቀደላቸውን ነው፤ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ይረቱ ነበር። ነገሩ የሚከብደኝም ስለዚህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩን ለመናገር ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱን ይዤ ወደ ሽማግሌው ተመለስሁ። «ይኸው፤ ቢፈልጉ ያቃጥሉት፤ ወይም ገንዘቡን በዛሬ ዋጋ አስበን ልክፈል» አልኋቸው። ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ «የአባቴ ስም የትኛው ነው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። ጣታቸውንም በዚያው ላይ ጥቂት አቆዩት።

«ገንዘቡ ይቅር፤ ሁለቱንም በሬዎች የት ታገኛቸዋለህ» ብለው ሳቁ። «ነገር ግን አታቃጥለው። አባቴ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ከዚህ በቀር የለም። ለኔ ልጆች አንድ ቅጂ ስጣቸው። ለዚያችም ለአውስትራልያ ልጅ ላክላት፤ ጠይቃለችና።»

እኔም እንዳሉት አደረግሁ። ወረቀቱን አስነሥቼ ሁለት ቅጂ አወጣሁ፤ አንዱን ለልጆቻቸው ሰጠሁ። ለልጅቱም ቀድሞ የጻፍሁላትን ሁለት ገጽ እንድትተወው ነግሬ በአዲስ ጻፍሁላት። ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው ከመንዝ አይደለም፤ ቡርቃ ከሚባለው ምንጭ ነው። ቀጥሎ የአራቱ ቤት ሰዎች ይመጣሉ፤ ቅድመ አያቴ ደግሞ በሦስተኛው ገጽ ላይ ስንቅ ተሸክመው ይደርሳሉ። ጉድጓዱንም ጻፍሁላት፤ ወረቀቱንም፤ ቡናውንም። ባለፈው ማክሰኞ ከፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ። መልስዋ ገና አልደረሰኝም።